ርካሽ የቫኒላ ሽቶ ስትመርጡ፦ የቱ ነው የካ አባዶ ድረስ የሚዘልቀው?

ሽቶ ቤት ገብታችሁ ብራችሁን የምታወጡት ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ሻጩ እጃችሁ ላይ ይረጭላችኋል፣ አሽትታችሁ «ውይ፣ ደስ ሲል!» ትላላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ቫኒላው ግን በዚያ ሰዓት ገና አልደረሰም። ሽቶ ውስጥ ዘግይተው ከሚመጡትና ዘግይተው ከሚሄዱት ሽታዎች አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት የቫኒላ ሽቶዎችን የሚያወዳድር ሰው የሱቁ በር ላይ የሸተተውን ይርሳው፤ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ሥራ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ክንዱ ላይ የቀረውን ያወዳድር።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ነው። እንደ ሰፈሬ ሰው ሁሉ ጠዋት ሳይነጋ ወጥቼ ማታ ከመሸ እገባለሁ። መገናኛ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ተጨናንቆ ለሚውል ሰው የሚሆነው ሽቶ፣ ከግቢው በመኪና ወጥቶ ቢሮው በር ላይ ለሚወርድ ከሚሆነው ይለያል። የማወዳድራቸው አምስት ናቸው፦ ላታፋ የሚባለው ሽቶ አምራች የሚሠራቸው ያራ፣ ኤክሌርና ኻምራ፣ የአል ሪሃብ ቅባት ቾኮ መስክ፣ እንዲሁም ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ የሚገባው የቪክቶሪያስ ሲክሬት ቤር ቫኒላ።

ከጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቫኒላ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፦ በዚህ ዋጋ እውነተኛ የቫኒላ ፍሬ አይገኝም። ቫኒላ ትውልዱ ሜክሲኮ የሆነ የኦርኪድ ተክል ነው፤ ዛሬ አብዛኛው የዓለም ምርት የሚመጣው ከማዳጋስካር ነው። አበባው ከትውልድ አገሩ ውጭ በራሱ ፍሬ ስለማይዝ እያንዳንዱ በእጅ መዳቀል አለበት። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1841 ያገኘው በሬዩኒየን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ገበሬዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት የእሱን ዘዴ ነው። ፍሬው ተለቅሞም ተቀቅሎ፣ ተሸፍኖ፣ በፀሐይ ደርቆ ሽታው እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። ያን ሁሉ ድካም በአንድ ያራ ዋጋ የሚሸጥ የለም።

ርካሽ ሽቶ ውስጥ ያለው ቫኒሊን ነው። ጀርመኖቹ ቲማንና ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1874 ከጥድ ዛፍ ከተገኘ ንጥረ ነገር ሠሩት፤ አሁን በብዛት የሚመረተው ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች ነው። ይህ ግን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የወጣውና እስከ ዛሬ በውድ የሚሸጠው የፈረንሳዩ ሽቶ ቤት የገርላን ሻሊማር ራሱ ስሙን የገነባው ኤቲል ቫኒሊን በሚባለው፣ ከቫኒሊን ሦስት አራት እጥፍ በሚበረታ ሰው ሠራሽ ቅመም ነው። ለኬክ ከሱቅ የምንገዛት የቫኒላ ዱቄትም ሽታዋ ከዚያው ቤተሰብ ነው። እንዲያውም ሽቶ ልትመርጡ ስትወጡ መጀመሪያ እሷን ክፈቱና አሽቱ፤ አፍንጫችሁ ባዶ ቫኒላ ምን እንደሚመስል ይዞ ይሄዳል። በዚያው ግን ቆዳችሁ ላይ እንዳትቀቡት፤ የኬክ ቅመም ለቆዳ ተብሎ አልተሠራም።

ቫኒሊኑ በሁሉም ተመሳሳይ ከሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ከጎረቤቶቹ ነው። የተቃጠለ ስኳርና የጥጥ ከረሜላ የሚሸተው ኤቲል ማልቶል ሲጨመርበት ልጃገረድኛ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የሙግለር ኤንጅል የሚባለው ሽቶ ከወጣ ወዲህ ብዙው ጣፋጭ ሽቶ ይህን ቅመም ይዟል። ቶንካ የሚባለው ፍሬ ሲገባበት ወደ ለውዝና ደረቅ ሣር ያዘነብላል። ሄሊዮትሮፕ የሚባለው አበባ ወደ ፓውደር ይወስደዋል፤ ሙጫና ከርቤ ደግሞ ወደ እኛው ጭስ ያቀርቡታል። ስለዚህ «ቫኒላ አለው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ሁሉም አለው። መጠየቅ ያለበት ከማን ጋር እንዳለ ነው።

ብርዱና ከፍታው

የእነዚህን ሽቶዎች ግምገማ በቪዲዮ የምታዩ ከሆነ፣ የሚናገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ሞቃት አገር ያለ ነው። የላታፋዎቹ መነሻ ዱባይ ነው፤ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቫኒላ ከቆዳ ላይ ተነስቶ ክፍል ይሞላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳር ዳሩ ወደ ተራራው ሲጠጋ ደግሞ ይብሳል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል ስለሚያንስ አልኮሉ ቶሎ ይተናል፤ አብሮትም ብርቱካኑ፣ ቤርጋሞቱ፣ ፍራፍሬው ሁሉ ይሄዳል። በሌላ በኩል ጠዋትና ማታ ስለሚበርድ ከባዱ ቫኒሊን ከቆዳ ለመነሳት ይሰንፋል። ውጤቱ ሁለት ነው፦ መግቢያው በእኛ ዘንድ ያጥራል፤ ማብቂያው ግን ዝግ ብሎ፣ ወደ ገላ ተጠግቶ ይረዝማል። ሽቶው ጠዋት የጠፋ መስሎ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታችሁ ተመልሶ ብቅ የሚለውም ለዚሁ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ቆዳ ይደርቃል፣ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ሽቶ አይዝም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ቀብታችሁ በላዩ ላይ ርጩ። ውድ ሽቶ ከመግዛት ይህ ይቀድማል።

አምስቱ ጎን ለጎን

ከቀላሉ ልጀምር። ቤር ቫኒላ የገላ ርጭት ነው። በእንዲህ ያሉ ጠርሙሶች ውስጥ የሽቶው ይዘት ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቢሆን ነው፤ የቀረው አልኮልና ውሃ ነው። ሲረጭ የተመታ ክሬም የመሰለ፣ ገር የሆነ ቫኒላ ወዲያው ይመጣል፤ የሚደበቅ ደረጃ የለውም፣ የጀመረበት ላይ ያልቃል። ከየካ አባዶ ተረጭቶ መገናኛ ሲደረስ አብዛኛው የለም። ይህን እንደ ጉድለት አትዩት፤ ገላን ታጥቦ ለመተኛት፣ ለትንሽ ልጅ ልብስ፣ ወይም ከሌላ ሽቶ ሥር ለማድረግ ጥሩ ነው። የ250 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ትልቅ ስለሆነ ብቻ «ብዙ አለው» ብላችሁ ግን አትግዙት፤ በቀን ሦስቴ ስለምትረጩት ቶሎ ያልቃል።

ያራ ሮዝ ጠርሙሱ ነው። ከእኛ ሴቶች ልጆች መካከል የማያውቀው ጥቂት ነው፤ በታክሲ ወረፋ ላይ አንዷ ካልሸተተችው ቀኑ አልነጋም ማለት ይቻላል። ሲረጭ መንደሪንና ኦርኪድ፣ ወዲያው ከኋላቸው ሄሊዮትሮፕ። የእንጆሪ ወተት የሚመስለው ሽታ ከዚህ ድምር የሚመጣ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍራፍሬው ይለዝብና ፓውደሩ ይወጣል። ወደ ማታ የሚቀረው ቫኒላ፣ ምስክና ሰንደል ነው፤ ቫኒላው ግን የዚህ ቤት ባለቤት አይደለም፣ እንግዳ ነው። «ቫኒላ እፈልጋለሁ» ብሎ ያራ የሚገዛ ሰው ይከፋዋል፤ «ለስለስ ያለ፣ የታጠበ ሰው የሚሸት» የሚፈልግ ደስ ይለዋል። ያራ ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ብዙ ነው፤ ነጩና ብርቱካናማው ጠርሙስ ሌላ ሽታ ነው፤ ብርቱካናማው ማንጎና ኮኮናት ይበዛዋል። እህት ወይም ጓደኛ «ያራ አምጪልኝ» ካለቻችሁ ቀለሙን ጠይቁ።

ኤክሌር እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣ ነው። ካራሜል፣ ወተት፣ ስኳር። ከዚያ ማር። ከዚያ ቫኒላ ከፕራሊን፣ ማለትም በስኳር ከተለበጠ ለውዝ፣ ጋር። ከአምስቱ በጣም የሚጣፍጠው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሲረጭ ስኳር ድስት ላይ ሲቀልጥ የሚሸተውን ሳይቀር ታገኙታላችሁ። ቆዳ ላይ ያለው ጉዞ ደስ የሚለኝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ የስኳሩ ጩኸት ይበርድና ወተቱ ከቫኒላው ጋር ተዋህዶ ለስላሳ፣ ትንሽ ጨዋማ የሚመስል ነገር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን አብሯችሁ ያለ ሰው ይችለዋል ወይ? በጠዋት ታክሲ፣ «ብርድ ይመታኛል፣ መስኮቱን ዝጉልን» በሚባልበት፣ አሥራ ምናምን ሰው ትከሻ ለትከሻ በተጣበቀበት፣ አራት ርጭት ኤክሌር ለነፍሰ ጡር ቀርቶ ለጤነኛም ያቅለሸልሻል። ለዚህ ሽቶ ሁለት ርጭት፣ እሱም ከልብስ ሥር፣ ይበቃል። አንድ ጓደኛዬ በሁዳዴ ትተወዋለች፤ «ወተቱ ያስጾመኛል ወይ» ትላለች፣ በቀልድ።

አሁን ወደምወደው እንምጣ። ኻምራ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው፤ ወፍራም መስታወት፣ ሲያነሱት ከበድ የሚል፣ ለስጦታ የሚሆን ጠርሙስ አለው። መክፈቻው ቀረፋና ገውዝ ነው። ለአፍንጫ ቅርብ አድርጎ ለሚያሸት ሰው ቀረፋው ጠንከር ይላል፤ አንዳንዱ እዚህ ላይ «ቅመም ነው፣ አልፈልግም» ብሎ ይተወዋል። አትቸኩሉ። ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ቀረፋው ወደ ኋላ ይላል፤ ቴምሩ ይመጣል፣ የደረቀ ሳይሆን የተጨፈለቀ፣ የሚያጣብቅ ቴምር። አብሮት ፕራሊን አለ። ቫኒላው መታየት የሚጀምረው በሁለተኛው ሰዓት ላይ ነው፤ ቶንካ፣ ሙጫና ከርቤ አጅበውት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ስድስትም ሰባትም ሰዓት ሊቆይ የሚችል፣ ደረቅና ሞቃት የሆነ፣ ስኳሩ የቀነሰ ቫኒላ ነው። ከአምስቱ ይሄኛው ብቻ ነው ማታ ከጠዋቱ የሚሻለው።

ለእኛ አገር አፍንጫ ኻምራ ሌላ ጥቅም አለው። ዕጣንና ከርቤ ከልጅነታችን ያደግንበት ነው፤ ቡና ተፈልቶ ዕጣን በጨሰበት ቤት ውስጥ ጣፋጭ ሽቶ ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል፣ ወይ ከጭሱ ጋር ይጣላል። ያራ ቡና ላይ ይጠፋል። ኤክሌር ከጭሱ ጋር አይግባባም። ኻምራ ግን መሠረቱ ላይ ያለው ሙጫና ከርቤ ከዕጣኑ ጋር ይዋሃዳል፤ የሽቶው መጨረሻና የጭሱ መጀመሪያ አይለይም። የቡና ሽታ ያለበት ቀዋ የሚባል ወንድምም አለው፤ ቡናው ግን ከጀበና የሚወጣው አይደለም፣ ስኳርና ሄል የበዛበት የካፌ ቡና ነው። ቡና ለምናውቅ ሰዎች ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስወጣ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው ይበቃል። ደግሞም ኻምራ ለወንድም ለሴትም ነው፤ ባለትዳሮች አንድ ጠርሙስ መካፈል ይችላሉ፣ ይህም ቁጠባ ነው።

ጉድለቱ ሙቀት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲሰለፉበት ይከብዳል። ቀረፋ ቆዳ ላይ ከሚያሳክኩ ቅመሞች አንዱ ስለሆነም ቆዳችሁ ስስ ከሆነ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ረጭታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

የመጨረሻው ቅባቱ ነው። ቾኮ መስክ በስድስት ሚሊ ሊትር ብልቃጥ፣ ጫፏ ላይ የምትሽከረከር ኳስ ያላት፣ ከአምስቱ በዋጋ እጅግ የሚያንሰው ነው። አልኮል የለውም። ለዚህ ነው መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉ ሱቆች ለጁምዓ ሰላት የሚገዙት ሰዎች ቅባት ሽቶ የሚመርጡት፤ አልኮል ሲሸታቸው ራሳቸውን ለሚያማቸውም ይሆናል። አልኮል ባለመኖሩ «ቡፍ» የሚል መግቢያ የለውም፤ ሲቀቡት ገና ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቆዳ ሲያሞቀው ካካዎ ይመጣል፤ ጣፋጭ ያልሆነው የካካዎ ዱቄት፣ ከሥሩ ስኳር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካካዎውና ቫኒላው አይለያዩም። ከዚያ ምስኩ ይረከባል፤ ማታ ድረስ የሚቀረው ንጹሕ፣ ሞቅ ያለ ገላ የሚመስል ነገር ነው፣ ጣፋጭነቱ ትንሽ ተርፎ።

የሚያውደው ግን ከክንድ ርዝመት አይበልጥም። ሰው «ምን ተቀብተሽ ነው?» የሚለው ሲያቅፍ ወይም ሲስም ብቻ ነው። እኛ ሦስቴ አራቴ እየተሳሳምን ሰላም የምንባባል ሰዎች ነን፤ ለዚህ ባህል ከዚህ የሚሻል ሽቶ አላውቅም። አንገት ላይ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ኳሷን አንድ ጊዜ ማንሸራተት በቂ ነው። ቅዳሴ ለሚያስቀድሱ ሰዎችም ይስማማል፤ አጠገብ የቆመውን አይረብሽም።

የቅቤውና የቁሌቱ ነገር

ከውጭ የሚጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት አንድ ጉዳይ አለ፦ የራስ ቅቤ። ቅዳሜ ቅቤ ተቀብታችሁ ሰኞ ገና ሽታው ካለ፣ ኤክሌርና ቅቤ ተደምረው ኬክ ቤት ይሆናሉ። ቢያምርም ማንም የሽቶ ሽታ ነው ብሎ አያምንም። ያራ ከቅቤ ጋር ይጣላል፤ ፓውደሩ ይጎመዝዛል። ኻምራ ይሸከመዋል፤ ቾኮ መስክም አይከፋም።

ቁሌት ግን ለማንም አይመለስም። የኮንዶሚኒየም ኩሽናና ሳሎን አንድ ነው፤ ሽንኩርት ሲቁላላ የተሰቀለው ጃኬት ሁሉ ይጠጣዋል፤ በማግስቱ ጃኬቱ ላይ ቫኒላ ሲረጭበት ሽንኩርቱ ጣፋጭ ሽንኩርት ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ጃኬቱን ሰገነት ላይ ማናፈስ ይሻላል፤ ሽቶውን ደግሞ ለታጠበ ቆዳ ማስቀመጥ።

ስትፈትኑ

ሱቅ ውስጥ በወረቀት የቀረበላችሁን አትመኑ፤ ወረቀት ሙቀት ስለሌለው ቫኒላው እንዴት እንደሚነሳ አያሳይም። የቡና ፍሬ በብርጭቆ አምጥተው «አፍንጫሽን ያድሰዋል» የሚሉም አሉ፤ ከንጹሕ አየር የተሻለ አይሠራም፣ የገዛ ክንዳችሁን መታጠፊያ ማሽተት ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አትፈትኑ፦ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ክንድ መታጠፊያ። አንጓ ላይ አይሁን፤ እጅ ስትታጠቡ ይሄዳል። አትሹት፤ ማሸት መግቢያውን ቶሎ ሊያሳልፈው ይችላል።

ከዚያ ሳትገዙ ውጡ። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ አይለቅሽም፣ የመጨረሻ ዋጋ ልንገርሽ» ይላችኋል። ልብስ ላይ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ላይ ግን አይደለም። «እመለሳለሁ፣ ወንድሜ» ብላችሁ ታክሲ ያዙ። መንገዳችን እንደሆነ ረጅም ነው፤ ለሽቶ መፈተኛ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። ከመርካቶ ተነስታችሁ መገናኛ ስትደርሱ ቀኝና ግራውን አሽቱ፦ መግቢያው ሞቷል፣ የምታሸቱት መሐሉን ነው። ሰፈር ገብታችሁ ደረጃውን ስትወጡ እንደገና አሽቱ፤ ገላ ስለሚሞቅ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። እራት ከተበላ በኋላ ያለው ደግሞ የሽቶው እውነተኛ ፊት ነው። ራሳችሁ ካልሸተታችሁ ጠፍቷል ብላችሁ አትደምድሙ፤ አፍንጫ የለመደውን ሽታ መስማት ያቆማል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያሽትላችሁ።

ዋጋ ስታወዳድሩ ጠርሙስ ከጠርሙስ አታወዳድሩ። አንድ ተራ ርጭት 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚያወጣ፣ የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አንድ ሺህ ያህል ርጭት አለው። በቀን ሦስት ከተረጨ ወደ ዓመት ይጠጋል። የገላ ርጭቱ በአንድ ጊዜ ስምንትና አሥር ይፈልጋል። ቅባቱ ስድስት ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆንም በንክኪ ስለሚወጣ ከምትገምቱት በላይ ይቆያል። ይህን አስልቶ ላየ፣ ከአምስቱ ለኪስ የሚቀለው ቾኮ መስክ ነው፣ ቀጥሎ ኻምራ፤ ኻምራ በሁለት ርጭት ስለሚበቃ።

ታዋቂ የሆነ ሽቶ ሁሉ ፎርጅዱ አብሮት ይመጣል። ካርቶኑ ሥር የታተመው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ ፊደሉ የተጣመመ፣ ክዳኑ የሚንቀዋለል፣ ሲረጭ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ተዉት። በሽታው ደግሞ እንዲህ ይታወቃል፦ ፎርጅዱ መግቢያውን ይኮርጃል፣ ማታውን ግን አይችልም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ስኳር ብቻ ከቀረ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። ሽቶ ቤቶች ከትልቁ ጠርሙስ በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው ይሸጣሉ፤ የምታውቁት ሱቅ ከሆነ ለመፈተኛ ይህ ጥሩ ነው፣ የማታውቁት ከሆነ ግን የምትቀዱት ምን እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም።

የቱን ለማን

ቢሮ ውላ በታክሲ ለምትመለስ፣ በጠዋት ብርድ ለምትወጣ፦ ኻምራ፣ ሁለት ርጭት፣ ደረት ላይ ከልብስ ሥር። ተማሪ ከሆነችና ገንዘቡ ካጠረ ቾኮ መስክ፤ የሚያስቆጭ ምርጫ አይደለም። ክፍል የምታስተምር መምህርት፣ ሕመምተኛ የምትነካ ነርስ፣ ምግብ የምታቀርብ አስተናጋጅ ቅባቱን ወይም የገላ ርጭቱን ትያዝ፤ ሌላ ሰው አጠገብ ለሚውል ሥራ ኤክሌር አይሆንም። ኤክሌር ለልደት፣ ለካፌ ቀጠሮ፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ነው፤ እዚያ ላይ የሚወዳደረው የለም። ያራ ጣፋጭ ለማትወድ፣ ግን «ትንሽ ቫኒላ ቢኖረው» ለምትል። የጥር ሰርግ ላይ ለሚጨፍር ሁሉ ኻምራ፣ በአንድ ርጭት፤ አዳራሹ ሲሞቅ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ወንዶች የሚያፍሩበት ነገር አይታየኝም፤ ቾኮ መስክ ላይ ካካዎው፣ ኻምራ ላይ ቀረፋው ጣፋጩን ያጠነክረዋል።

ሁለት ማደባለቅ የሚወድ ካለ፣ ቾኮ መስክን ቀብቶ በላዩ አንድ ርጭት ያራ ያድርግ፤ ያራ ያጣውን መሠረት ቅባቱ ይሰጠዋል። ኤክሌርና ኻምራን አንድ ላይ ግን አደራ።

የሀገር ልብስ ላይ ማንኛውንም የቫኒላ ሽቶ አትርጩ። ቫኒሊን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ቡናማ ይሆናል፤ ነጭ ነጠላ ላይ ያረፈ ጠብታ ያን ቀን አይታይም፣ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ ግን ዳሩ የጠቆረ ቢጫ ክብ ሆኖ ይገኛል። በሳሙና አይለቅም። ቆዳ ላይ ረጭታችሁ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ልበሱ። በዚያው ምክንያት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከጊዜ በኋላ ሻይ መምሰል ይጀምራል፤ ሽታው ካልኮመጠጠ አልተበላሸምና አትጣሉት። መስኮት ላይ ከማሳመር ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በካርቶኑ አስቀምጡት።